ገንዘቡ ለእናት እንዲከፈል ሲዋዋሉ፦ ለሦስተኛ ወገን መብት የሚሰጥ ውል እንዴት ይጻፋል?

ወፍጮውን ሸጦ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ልጅ አለ እንበል። ዋጋው 600,000 ብር ነው። ገዢው 240,000 ብሩን ሲፈራረሙ ይከፍላል፤ ቀሪውን 360,000 ብር በየወሩ 12,000 እየከፈለ በ30 ወር ለሻጩ እናት ሊጨርስ ይስማማል። ውል ጸሐፊው «ቀሪው ገንዘብ ለሻጭ እናት በየወሩ ይከፈላል» ብሎ ያሰፍራል፣ ሁለት ምስክር ይፈርማል፣ ልጁ ይሄዳል። አራት ወር ተከፍሎ አምስተኛው ላይ ይቆማል። እናት ፍርድ ቤት ሲሄዱ ገዢው የሚያቀርበው የመጀመሪያ መልስ የታወቀ ነው፦ «ከእሳቸው ጋር የውል ግንኙነት የለኝም።»

ይህ መልስ ሁልጊዜ ያዋጣል ማለት አይደለም። ነገር ግን ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር በሩን ክፍት ትቶለታል። በሩን የሚዘጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ እናት ራሳቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው የሚናገር ግልጽ ቃል፣ እና መብቱን መቀበላቸውን የሚያሳይ ወረቀት። ሁለቱም የሚዘጋጁት ልጁ አገር ውስጥ እያለ፣ ገዢውም ወፍጮውን ለመረከብ በቸኮለበት ሰዓት ነው።

ሕጉ የሚለው

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መነሻው ጥብቅ ነው። በቁጥር 1952 መሠረት ውል ውጤት የሚኖረው በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ ነው። (የቁጥሩና የዓመቱ መገጣጠም ለማስታወስ ይመቻል።) ሕጉ ራሱ ካስቀመጣቸው ልዩ ሁኔታዎች አንዱ በቁጥር 1957 እና በተከታዮቹ ይገኛል፤ ተዋዋዮች በመካከላቸው ለሌለ ሰው መብት የሚሰጥ ውል ማድረግ ይችላሉ። በምሳሌያችን ጥቅሙን ያስጻፈው ሻጩ ነው፣ ግዴታ የገባው ገዢው፣ ተጠቃሚዋ እናት።

መብት መስጠት እንጂ ግዴታ መጫን ግን አይቻልም። «ወፍጮውን የሚተክለው ወንድሜ ነው» ብሎ መፈረም ወንድምን አያስገድደውም። ወንድም እምቢ ካለ የሚጠየቀው ስለ እሱ ቃል የገባው ሰው ነው።

ሦስተኛ ወገን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈውን መድን ነው። እሱ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚመራ አስገዳጅ መድን ነው፤ ተጎጂው የሚጠቀመው ማንም ስሙን ስላስጻፈለት ሳይሆን አዋጁ ስላዘዘ ነው። እዚህ የምንነጋገረው ሰዎች በፈቃዳቸው ስለሚጽፉት ውል ነው።

ከመጻፍ በፊት፦ የምትፈልጉት የትኛውን ነው?

አራት ነገሮች እርስ በርስ ይምታታሉ፤ ውል ጸሐፊዎችም ያምታቷቸዋል። የመጀመሪያው ተራ ገንዘብ ተቀባይ ነው። ቁጥር 1741 ባለዕዳ ለባለገንዘቡ ወይም ባለገንዘቡ ለፈቀደለት ሰው መክፈል እንደሚችል ይናገራል። እንዲህ ያለው ሰው እጁን ይዘረጋል እንጂ መክሰስ አይችልም። «ለእናቱ ይከፈላል» የሚለው ቃል አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ገዢው እናትን ተራ ተቀባይ አድርጎ ሊከራከር ይችላል።

ሁለተኛው ወኪል ነው። ወኪል የሚሠራው በወካዩ ስም ነው፣ ገንዘቡም የወካዩ ነው። በቁጥር 2232 መሠረት ደግሞ ወካዩ ሲሞት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውክልናው ይቋረጣል። ልጁ በስደት ላይ አንድ ነገር ቢደርስበት እናት በውክልና ወረቀት ብቻ ወደፊት መሄድ አይችሉም። ሦስተኛው መብትን ማስተላለፍ ነው፤ ውሉ አስቀድሞ በሻጩ ስም ተፈርሞ ከሆነ በቁጥር 1962 መሠረት ሻጩ ቀሪውን የመጠየቅ መብት ለእናቱ ማስተላለፍ ይችላል። ሕግ፣ ውል ወይም የጉዳዩ ባሕርይ ካልከለከለ በቀር የባለዕዳው ፈቃድ አያስፈልግም። ውሉን ተበላሽቶ ካገኛችሁት ማስተካከያው መንገድ ይኸው ነው፤ በጽሑፍ አስተላልፉና ለገዢው በጽሑፍ አሳውቁ። ካላወቀ ለሻጩ ሊከፍል ይችላል፣ ከፍያለሁ ብሎም ይከራከራል።

አራተኛው እኛ የምንፈልገው ነው፦ መብቱ ከመጀመሪያው በራሳቸው በእናት ስም የሚወለድበት ውል።

አንቀጹን መጻፍ

ዋናው ቃል ይህን ይመስላል፦

«ገዢ ከሽያጩ ዋጋ ቀሪውን 360,000 (ሦስት መቶ ስድሳ ሺህ) ብር በየወሩ 12,000 (አሥራ ሁለት ሺህ) ብር ለወይዘሮ (ሙሉ ስም ከነአያት፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ አድራሻ) ለመክፈል ግዴታ ገብቷል። ወይዘሮ (ስም) ይህን ክፍያ በራሳቸው ስም ከገዢ የመጠየቅና ካልተከፈላቸውም ገዢን በራሳቸው ስም የመክሰስ መብት አላቸው። ይህ መብት ሻጭ በራሱ በኩል የውሉን አፈጻጸም የመጠየቅ መብቱን አያስቀርም።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የአንቀጹ ልብ ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ አይዘለልም። ሦስተኛው የሚያስፈልገው እናት ቢደክሙ ወይም ቢታመሙ ልጁ ራሱ ገዢውን መጠየቅ እንዲችል ነው።

ስም ላይ ጊዜ ስጡ። በአማርኛ አንድ ስም በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፦ ፀሐይ፣ ጸሃይ፣ ፀሀይ። በውሉ ላይ አንድ፣ በመታወቂያው ሌላ፣ በባንክ ደብተሩ ሦስተኛ ሆኖ ሲገኝ ገዢው «የተጻፈችው ሴት ይቺ አይደለችም» የሚል ክርክር ያገኛል። መታወቂያው ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል ቅዱ፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩንም ጨምሩ።

ቀኑም እንዲሁ። «በየወሩ» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ ጳጉሜ ወር ነው አይደለም የሚል ጭቅጭቅ በየዓመቱ ይነሳል። እንዲህ ብትሉ ያልቃል፦ «የመጀመሪያው ክፍያ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የመጨረሻው የካቲት 30 ቀን 2020 ዓ.ም.፣ በጠቅላላው 30 ክፍያ፤ ለጳጉሜ ክፍያ የለም።» ውሉን የሚያነብ ሁሉ በጣቱ ቆጥሮ ማረጋገጥ ይችላል። ሻጩ ውጭ አገር ከሆነና በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያስብ ከሆነ ሁለቱንም ቀን ጻፉ።

ከዚያ እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ መልሱ። ካልመለሳችኋቸው ሌላ ሰው ይመልስላችኋል።

እናት ክፍያው ሳያልቅ ቢሞቱስ? ቀሪው ለእናት ወራሾች ይሄዳል ወይስ ወደ ሻጩ ይመለሳል? ሁለቱም ይቻላል፣ ግን ይጻፍ። እናት አምስት ልጆች ካሏቸውና ወፍጮው የአንዱ ከነበረ ይህ መስመር የወንድማማች ጠብ ያስቀራል።

ገዢው ቢያቆምስ? ቁጥር 1751 የሚያስቀምጠው ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በአንድ ወር ክፍያ ላይ ሲሰላ በዓመት 1,080 ብር፣ በወር 90 ብር ማለት ነው፤ ይህ ማንንም አያስፈራም። ከዚህ ይልቅ የሚሠራው «ገዢ ሁለት ተከታታይ ክፍያ ካሳለፈ ቀሪው ገንዘብ በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ይሆናል» የሚለው ነው። ልዩነቱን ቁጥሩ ያሳያል። አራት ወር ከፍሎ ያቆመ ገዢ 48,000 ብር ከፍሏል፣ 312,000 ብር ይቀረዋል። ይህ አንቀጽ ከሌለ እናት ሁለት ወር ጠብቀው ቢከሱ ጊዜው የደረሰው 24,000 ብር ብቻ ነው፤ ለቀጣዩ ደግሞ ሌላ ክስ፣ ሌላ የዳኝነት ክፍያ። አንቀጹ ካለ ሁሉንም በአንድ ክስ ይጠይቃሉ።

ገዢው «ወፍጮው ጉድለት ነበረበት» ቢልስ? ይህን በእናት ላይም ማንሳት ይችላል። የእናት መብት የተወለደው ከሽያጭ ውሉ ነውና የውሉ በሽታ ሁሉ አብሮ ይወረሳል፤ ሽያጩ ከፈረሰ የእናትም ክፍያ ይፈርሳል። ስለዚህ ርክክቡን አጥብቁት፦ «ገዢ ወፍጮውን አስነስቶ፣ እህል አስፈጭቶ፣ መርምሮ ተረክቧል» ተብሎ ከነሞተር ቁጥሩ ይጻፍ። ከዚህ ውል ያልመነጨ ሌላ የገንዘብ ጥያቄ ግን በእናት ክፍያ ላይ እንዳያርፍ አጥር አድርጉለት፦ «ገዢ በሻጭ ላይ ያለውን ማንኛውንም ሌላ የገንዘብ ጥያቄ ከዚህ ክፍያ ጋር ማቻቻል አይችልም።»

ሻጩ ባለትዳር ነው? ብዙ ውል የሚናደው እዚህ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ፣ ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት ወይም ገንዘብ ለመስጠት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ወፍጮው የጋራ ከሆነ ሽያጩም፣ ለእናት የሚሄደው 360,000 ብርም ሚስትን ይመለከታል። ሚስት በውሉ ላይ «ለሽያጩም፣ ቀሪው ዋጋ ለወይዘሮ (ስም) እንዲከፈልም ተስማምቻለሁ» ብላ ትፈርም። ሽያጩን ብቻ ተስማምታ የፈረመች ሚስት በሁለተኛው ላይ ልትከራከር ትችላለች።

ተጠቃሚዋ መቀበላቸውን ማስመዝገብ

ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚረሱት ይህን ነው። ተጠቃሚው መብቱን እንደሚፈልግ እስኪያስታውቅ ድረስ ጥቅሙን ያስጻፈው ሰው ሊሽረው ይችላል። ልጁ እናቱን አይክድም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ገዢው «ለአንተ 250,000 በአንድ ጊዜ ልስጥህና ይዘጋ» ብሎ ሪያድ ድረስ ቢደውልለት፣ ልጁም በችግር ላይ ቢሆን፣ እናት ሳያውቁ ነገሩ ሊያልቅ ይችላል። ከተቀበሉ በኋላ ግን ያለ እሳቸው አይነካም።

መቀበያው ረጅም መሆን የለበትም፦ «እኔ (ስም) በሻጭ (ስም) እና በገዢ (ስም) መካከል (ቀን) በተደረገው ውል አንቀጽ (ቁጥር) ለእኔ የተሰጠውን መብት ተቀብያለሁ።» በጣም ጥሩው ከውሉ ሥር፣ በዚያው ቀን ማስፈረም ነው። ካልተቻለ በተለየ ወረቀት ተጽፎ ለሻጩም ለገዢውም ይድረስ፤ ለአንዱ ብቻ ሰጥቶ ሌላው «አልሰማሁም» እንዲል ቀዳዳ መተው ደግ አይደለም። ገዢው ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርም።

እናት ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ከሆነ ጣት ማስነካት ብቻውን በቂ አይደለም። ቁጥር 1728 ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የጣት አሻራ የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ እንደሆነ ይናገራል። እናት በዚህ ውል ግዴታ ባይገቡም፣ አሻራው የእሳቸው ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለማስቀረት ሰነድ አረጋጋጭ ጽሕፈት ቤት ይዟቸው መሄድ ይሻላል። ተጠቃሚው አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሆነ ስለ እሱ የሚቀበለው ሞግዚቱ ነው። ጥቅሙን ያስጻፈው አባት ራሱ ከሆነ እናትየው ትፈርም፤ አንድ ሰው ሰጪም ተቀባይም ሆኖ መታየቱ ጥያቄ ያስነሳል።

ውሉ በሦስት ኦሪጅናል ይዘጋጅ፣ አንዱ በእናት እጅ ይቀመጥ። ፎቶ ኮፒ የያዘች እናት ኦሪጅናል ከያዘው ገዢ ጋር ስትከራከር ግማሽ መንገድ ወደኋላ ቀርታ ነው የምትጀምረው። ምስክሮቹ ሁለትና ከዚያ በላይ፣ የማይዛመዱ፣ አካባቢውን የማይለቁ ይሁኑ።

ሻጩ አስቀድሞ ውጭ አገር ሆኖ በወኪል የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ ይመጣል። የውክልናው ጽሑፍ ሁለት ነገር መፍቀድ አለበት፦ መሸጥ፣ እና «ቀሪው ዋጋ ለሦስተኛ ወገን እንዲከፈል መዋዋል»። ሁለተኛው ከሌለ ወኪሉ ከሥልጣኑ ወጥቷል የሚል ክርክር ይመጣል። ወኪሉም «በሻጭ (ስም) ስም ወኪሉ» ብሎ ይፈርም እንጂ በራሱ ስም አይፈርም፤ በራሱ ስም ከፈረመ ሻጩ እሱ ሆኖ ይታያል።

ክፍያው ሲቆም

በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። ከቁጥር 1772 ጀምሮ እንደተጻፈው፣ ውል አልተፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ ባለዕዳውን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በውሉ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ተብሎ እንደመጻፉ ያሉ ነፃ የሚያደርጉ ሁኔታዎች አሉ። ነፃ ቢያደርግም ጻፉት። የውሉን ቀንና አንቀጽ፣ ያልተከፈሉትን ወራት በስም፣ ጠቅላላውን ገንዘብ፣ የሒሳብ ቁጥሩን፣ የመጨረሻውን ቀን (15 ቀን ብዙ ጊዜ ይበቃል) ይያዝ። በአደራ ደብዳቤ ላኩት፤ ወይም በሁለት ምስክር ፊት አስረክቡ።

በዚህ መሐል ገዢው የአሁኑን ወር ከፍሎ ያለፉትን ቢዘል ደረሰኙ ላይ «የኅዳርና የታኅሣሥ ክፍያ አልተከፈለም» ብላችሁ ጻፉ። ዝም ብሎ የተሰጠ የጥር ደረሰኝ፣ ያለፈው ሁሉ ተከፍሏል ለሚል ክርክር መነሻ ይሆናል። ከሁሉ የተሻለው በባንክ ብቻ መቀበል ነው፤ የባንክ መግለጫ የተዘለለውን ወር ራሱ ያሳያል።

ክሱ በእናት ስም ይቀርባል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 ከሳሽ በክርክሩ ነገር ላይ መብት ወይም ጥቅም እንዲኖረው ይጠይቃል፤ የገዢው «የውል ግንኙነት የለንም» የሚለው መቃወሚያ የሚያነጣጥረው እዚህ ነው። ስለዚህ የክሱ የመጀመሪያ አንቀጽ መቃወሚያውን ቀድሞ ይመልስ፦ ውሉ መቼ እንደተደረገ፣ የትኛው አንቀጽ መብቱን በስማቸው እንደሰጣቸው፣ መቼ እንደተቀበሉ፣ የቁጥር 1957 መጠቀስ። ታሪኩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ውሉ፣ መቀበያው፣ ማስጠንቀቂያው ከነመድረሻ ማስረጃው፣ የባንክ መግለጫው፣ የምስክሮች ዝርዝር አብረው ይያያዙ። የይርጋው ዘመን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በመርሕ 10 ዓመት ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845)፤ ክፍያው ከሚደርስበት ቀን ጀምሮ ስለሚቆጠር እያንዳንዱ ወር የራሱ ቀን አለው።

ሌላም አደጋ አለ፤ ሻጭና ገዢ እናትን ሳይጨምሩ ተካሰው መብታቸውን የሚነካ ፍርድ ሊያስወስኑ ይችላሉ። ክርክሩ ገና ካላለቀ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 41 ጣልቃ መግባት፣ ተፈርዶ ካለቀና ፍርዱ ካልተፈጸመ በቁጥር 358 መቃወሚያ ማቅረብ ይቻላል። ከፍርዱ አፈጻጸም በኋላ ይህ በር ይዘጋልና ወሬውን እንደሰሙ መንቀሳቀስ ነው።

የሕይወት መድን ቅጽ

ብዙ ሠራተኛ ሳያውቀው የሚፈርመው ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የሚደረግ ውል የሕይወት መድን ነው። «ተጠቃሚ» በሚለው ባዶ ቦታ «ሕጋዊ ወራሾቼ» ብሎ መሙላት ቀላል ይመስላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 827 ግን ተጠቃሚ ሳይሰየም ሲቀር ወይም በደፈናው ለወራሾች ሲባል የመድኑ ገንዘብ በውርሱ ውስጥ እንደሚገባ ይናገራል። በውርስ ውስጥ ገባ ማለት የሟች ባለዕዳነት ተቀድሞ ይከፈልበታል፣ የወራሽነት ማስረጃ እስኪወጣ ይጠበቃል፣ ክርክር ከተነሳ ይታገዳል ማለት ነው። በስም የተሰየመ ተጠቃሚ ግን ገንዘቡን ከውርሱ ውጭ ያገኛል።

ስለዚህ በስም ጻፉ፣ ድርሻውን በመቶኛ አስቀምጡ፣ ድምሩ 100 መሆኑን አረጋግጡ፣ ከተሰየሙት አንዱ ቀድሞ ቢሞት ድርሻው ለማን እንደሚሄድ አክሉ። ልጅ ሲወለድ፣ ጋብቻ ሲፈርስ ቅጹን አስለውጡ፤ ያረጀው ቅጽ ላይ ያለው የቀድሞ ባል ወይም ሚስት ስም በራሱ ይጠፋል ብላችሁ አትተማመኑ። የተለወጠውን ቅጽ ማኅተም ያለበት ቅጂ ለተጠቃሚው ስጡት፤ መኖሩን የማያውቅ ሰው አይጠይቅም።

ለቤት አይሆንም

ልጆች ለእናታቸው ቤት ሲገዙ በራሳቸው ስም ፈርመው «ካርታው በእናቴ ስም ይዛወራል» የሚል አንቀጽ ይጨምራሉ። እንዲህ ያለው አንቀጽ ለእናት ቢበዛ ሻጩን የመጠየቅ መብት ይሰጣል እንጂ ባለቤት አያደርጋቸውም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት መደረግ አለበት (ቁጥር 1723)፤ ባለቤትነት ደግሞ የሚተላለፈው በመዝገብ ሲሰፍር ነው (ቁጥር 1185)። በመካከሉ ሻጩ ቢሞት፣ ቤቱ በዕዳ ቢታገድ፣ ለሌላ ሰው ቢሸጥ እናት በእጃቸው ያለው ክርክር ብቻ ነው። ቤት ከሆነ እናት ራሳቸው ገዢ ሆነው ይፈርሙ፣ ልጁ ከፋይ ሆኖ ይጻፍ፣ ስም ዝውውሩም የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት ይጠናቀቅ።